ጉም ሲዘገን



ዛሬ የምናገረው ስለማንቆጥረው ውኃ ነው። ዝናብ ሲጥል በሚሊ ሜትር እንለካዋለን። ወንዝ ሲሞላ ዳር ላይ የተተከለውን ሜትር እናነባለን። እዚሁ አቃቂ ሜዳ ላይ ለከተማዋ ውኃ የሚሰጡት ጉድጓዶች በፓምፕ ምን ያህል እንደሚወጣላቸው ይመዘገባል። ነፋስ ወደ ተራራ ገፍቶ በጥድና በአስታ ቅጠል ላይ የሚያሳርፈውን የጉም ውኃ ግን መደበኛው የዝናብ መለኪያ አያየውም። መለኪያው ስላላየው እኛም በሒሳባችን ውስጥ አላስገባነውም። አበው ከንቱ ድካምን «ጉም መዝገን» ይሉታል። ደን ግን በእርግጥ ጉም ይዘግናል። እንዴት እንደሚዘግን፣ ምን ያህል እንደሚዘግን፣ እኛስ በምን እንደምንለካው ላስረዳችሁ ነው የመጣሁት።

ከራሳችን ደጅ ልጀምር። ክረምት ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ በጥቅምትና በኅዳር አንዳንድ ንጋት፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ የሚያቀና ሰው ከፊቱ ካለው መኪና መብራቱ ብቻ ይታየዋል። ሌሊቱን መሬቱ ሙቀቱን ለጠራው ሰማይ ሲለቅ ያድራል። ከመሬቱ የተጠጋው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል። የአቃቂ ሜዳ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከዙሪያው ከፍታ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር እዚሁ ይተኛል፤ በውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ ደቃቅ ጠብታ ይለወጣል። ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ይበተናል። ይህ የሜዳ ጭጋግ ነው። ለሹፌር አደጋ ነው፤ ለዛፍ የሚሰጠው ውኃ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ለምን እንደሆነ ጥቂት ቆይቼ በቁጥር አሳያችኋለሁ።

ሌላኛውን ጉም ለማየት ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር መድረስ ያስፈልጋል። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገደሉን በስተው ያወጡት ዋሻ መንገድ እዚያ ነው። በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቱን እንደማያይ፣ ረዳቱ ወርዶ መኪናውን እየመራ እንደሚያሳልፍ ያውቃል። የዚያ ጉም ምንጭ ግን ከእኛው ጭጋግ ፈጽሞ የተለየ ነው። ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል የሚነሳ እርጥብ አየር የአፋርን ዝቅተኛ ምድር አቋርጦ የሸዋን ግድግዳ ይገጥማል። መሄጃ ስለሌለው ሽቅብ ይወጣል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያ እስከ ጣርማ በር አየሩ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል፤ በወጣ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ በቀዘቀዘ ቁጥር እንፋሎቱን መሸከም ያቅተዋል። ሸዋ ሮቢት ላይ ሆኖ ወደ ላይ ለሚያየው ሰው ደመና ነው፤ ጣርማ በር ላይ ለቆመው ሰው ጉም ነው። አንዱ ነገር ነው፤ ልዩነቱ የቆምንበት ከፍታ ነው። የዚህ ጉም ትልቁ ባሕርይ ደግሞ መንቀሳቀሱ ነው። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይተካል። ከቆላ የሚወጣው አየር እስካልተቋረጠ ድረስ አያልቅም።

የሜትሮሎጂ ሥርዓት ሁለቱን አይለይም። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ጭጋግ የሚባለው አግድም እይታ ከ1 ኪሎ ሜትር ሲያንስ ነው። ይህ ደንብ የወጣው ለአውሮፕላን፣ ለመርከብና ለመኪና ነው፤ ቦሌ ላይ አውሮፕላን ያርፍ ወይስ ይዙር ብሎ ለሚወስን ሰው እጅግ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ዓይን ምን ያህል እንደሚያይ መዝግቦ ዛፍ ምን ያህል እንደሚጠጣ ማወቅ አይቻልም። የቱሉ ዲምቱ ጭጋግና የጣርማ በር ጉም በመዝገብ ላይ አንድ ስም ይዘው፣ በውኃ ግን የትና የት ይራራቃሉ።

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ። ፈታኝ አይደለም፤ ማባዛት የሚችል ሁሉ ይከተለኛል።

አንድ የጉም ጠብታ ስፋቱ ከጥቂት ማይክሮ ሜትር እስከ 40 ወይም 50 ማይክሮ ሜትር ይደርሳል። ማይክሮ ሜትር ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። 20 ማይክሮ ሜትር የሆነች ጠብታ እንውሰድ። እንዲህ ያሉ ጠብታዎች አንድ ሚሊዮን ሲደመሩ ነው 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት አንዲት የዝናብ ጠብታ የሚወጣቸው። ይህች ትንሽ ጠብታ በራሷ ክብደት ስትወርድ በሰከንድ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የምትጓዘው። ስለዚህ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ የተቀመጠ የዝናብ መለኪያ ጉምን አያገኘውም፤ ጉም ከላይ አይወርድም፣ በጎን ያልፋል። ውኃውን ማግኘት የሚችለው በጎን የሚመጣውን ተቀብሎ የሚያስቀር ነገር ነው። የዛፍ ቁመና ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው።

በአንድ ሜትር ኩብ ጉም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ውኃ ብዙውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.5 ግራም ነው። ጣርማ በርን ለሚመስል ተራራ 0.2 ግራም፣ ነፋሱን ደግሞ በሰከንድ 4 ሜትር እንበል። በአንድ ካሬ ሜትር መስኮት በኩል በየሰከንዱ 0.8 ግራም ውኃ ያልፋል ማለት ነው፤ በሰዓት 2.9 ሊትር ገደማ። ከዚህ አምስተኛውን እጅ ብቻ ይዘን ብናስቀር በስድስት ሰዓት 3.5 ሊትር እናገኛለን። አሁን ወደ እኛ ሜዳ እንመለስ። ጭጋጉ ሳሳ ያለ፣ 0.1 ግራም ይሁን፤ አየሩ የተኛ ስለሆነ ነፋሱ በሰከንድ 0.3 ሜትር ይሁን። በተመሳሳይ መንገድ ብናባዛ በአራት ሰዓት የሚያዘው ከ0.1 ሊትር ያነሰ ነው፤ አንድ የሻይ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም። በእውነቱ ከዚህም ያንሳል፤ ምክንያቱም ነፋሱ ሲዘገይ የመያዝ ችሎታውም አብሮ ይወድቃል።

ለምን ይወድቃል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። አየር ቅጠል ሲገጥመው ከቅጠሉ ከመድረሱ በፊት ዙሮ ለማለፍ ይታጠፋል። ጠብታዋ ከአየሩ ስለምትከብድ ቶሎ መታጠፍ አትችልም። አየሩ በድንገት ከታጠፈ እሷ ቀጥ ብላ ሄዳ ቅጠሉን ትመታለች፤ አየሩ በቀስታ ከታጠፈ ግን አብራው ትታጠፍና ታመልጣለች። ቀጭን ነገር የአየሩን መንገድ በድንገት ያሳጥፈዋል። ሰፊ ነገር ከሩቁ ጀምሮ አየሩን ስለሚገፋው መታጠፉ ዝግ ያለ ይሆናል። የፊዚክስ ሰዎች ይህን የሚገልጹበት ስቶክስ ቁጥር የሚባል ስሌት አለ፤ የጠብታዋን ስፋት፣ የነፋሱን ፍጥነትና የመቺውን ነገር ስፋት አንድ ላይ ያስራል። ከ1 በጣም ሲበልጥ ጠብታዋ ትያዛለች፤ ከ1 በጣም ሲያንስ ታመልጣለች። የ20 ማይክሮ ሜትር ጠብታ በሰከንድ 4 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ቅጠል ብትገጥም ቁጥሩ ወደ 5 ይጠጋል። ያችው ጠብታ በዚያው ነፋስ 5 ሴንቲ ሜትር የሰፋ ቅጠል ብትገጥም 0.1 ብቻ ነው። የጠብታዋ ስፋት በስሌቱ ውስጥ በራሱ ስለሚባዛ ጠብታዋ በግማሽ ብታንስ ቁጥሩ በአራት እጅ ይወርዳል።

የመንዝ ሰው ይህን ያለ ስሌት ያውቀዋል። በጉም ውስጥ ከብት ሲጠብቅ የዋለ ሰው በርኖሱ ላይ ያለው እያንዳንዱ የሱፍ ጭራ የውኃ ዶቃ ይዞ ይታያል፤ ከአጠገቡ ያለው ለስላሳ ድንጋይ ግን ረጠብ ከማለት አያልፍም። ጠጉሩ ቀጭን ስለሆነ ያዘ፤ ድንጋዩ ሰፊ ስለሆነ አሳለፈ። የሐበሻ ጥድ ቅጠሉ ደቃቅ ነው። አስታም ቅጠሉ እንደ መርፌ ነው። በሰሜን ተራሮችና በባሌ ከአስታና ከኮሶ ቅርንጫፍ ላይ ተንዘርፍፎ የምናየው ግራጫ የዛፍ ሽበት ደግሞ ከሁሉም የቀጠነ ነው። ጉም በሚመላለስበት ከፍታ ላይ እነዚህ ተሰብስበው መገኘታቸው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

ቀጭን ነገር ጉም እንደሚይዝ በመጀመሪያ በመሣሪያ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ሩዶልፍ ማርሎት ነው። ትውልዱ ጀርመን፣ ኑሮው ኬፕታውን የነበረ ኬሚስትና የእፅዋት ተመራማሪ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቴብል ማውንቴን ላይ ሁለት የዝናብ መለኪያዎችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንዱን እንዳለ ተወው፤ በሁለተኛው ላይ የቄጠማ ዘለላ አቆመበት። ጉም ተራራውን በሚያለብስበት በደረቁ ወቅት ቄጠማ የቆመበት ከባዶው ከአሥር እጅ በላይ ውኃ ሰበሰበ። ብዙዎች አላመኑትም፤ ቄጠማው በነፋስ የሚገፋ ዝናብም ይይዛል ብለው ተከራከሩ። ክርክራቸው ትክክል ነበር፤ ዛሬም የዚህ ሥራ ትልቁ ራስ ምታት እሱ ነው። ነፋስ ያጋደለውን ካፊያ ከጉም መለየት ቀላል አይደለም። ቢሆንም የማርሎት ሐሳብ ያስደንቀኛል። ሁለት ጣሳና አንድ እቅፍ ቄጠማ! ማንኛውም ትምህርት ቤት ሊሠራው ይችላል።

ዛሬ የምንጠቀምበትን መደበኛ የጉም መያዣ የካናዳው ሮበርት ሸመናወርና የቺሊዋ ፒላር ሴሬሴዳ እ.ኤ.አ. በ1994 ነው ለዓለም ያቀረቡት። ወርዱም ቁመቱም አንድ አንድ ሜትር የሆነ፣ ከመሬት ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ ክፈፍ ነው፤ ችግኝ ጣቢያ ላይ ለጥላ የሚዘረጋው ዓይነት መረብ ተደርቦ ይወጠርበታል፤ ከሥሩ አሸንዳ፣ ከአሸንዳው ጫፍ ጀሪካን ወይም ቆጣሪ ይደረጋል። ጥቅሙ ቀላልነቱ ነው። ቺሊ ላይ የተለካው ከኢትዮጵያው ጋር ሊነጻጸር ይችላል። ጉድለቱ ደግሞ መረብ ዛፍ አለመሆኑ ነው። መረቡ እዚህ ቦታ ጉም ምን ያህል ውኃ እንደሚያሳልፍ ይነግረናል፤ ደኑ ምን ያህል እንዳስቀረ ግን አይነግረንም።

ደኑን ለማወቅ ወደ ደኑ መግባት ግድ ነው። ከዛፎቹ ሥር ረጃጅም አሸንዳዎች ተዘርግተው ከቅጠል የሚንጠባጠበው ይሰበሰባል፤ በግንዱ ዙሪያ በተጠመጠመ ጎማ በግንዱ የሚወርደው ይለካል፤ ከደኑ ውጭ ገላጣ ቦታ ላይ ዝናቡ ይለካል። ዝናብ በሌለበት ቀን ከዛፉ ሥር ውኃ ከተገኘ እሱ የጉም ነው። ዝናብ ባለበት ቀን ግን ሒሳቡ ይወሳሰባል። ከዝናቡም ከጉሙም ቅጠል ላይ ቀርቶ ተንኖ የሚጠፋ አለ፤ እሱን ሳይጨምሩ ቢቀንሱ የጉሙ ድርሻ ከእውነቱ ያነሰ ይወጣል። አሸንዳዎቹም ብዙ መሆን አለባቸው፤ አንዱ ዛፍ ሲያፈስ አጠገቡ ያለው ሊደርቅ ይችላል። ከሁሉም የተራቀቀው መንገድ ከደኑ ጫፍ በላይ በቆመ ማማ ላይ የነፋሱን ሽቅብና ቁልቁል ውዝዋዜ፣ ከዚያም ጋር የጠብታዎቹን ብዛትና ስፋት በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየለካ ወደ ታች የሚሄደውን ውኃ በቀጥታ ያሰላል። ጀርመንና ስዊዘርላንድ ውስጥ ተሠርቶበታል። ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሜዳማ ቦታም ይፈልጋል። የእኛ ገደላ ገደል አይመቸውም።

የአይሶቶፕ መንገድም አለ፤ እዚህ ላይ ኢትዮጵያ ያላት ሀብት ብዙ ሰው አያውቀውም። ውኃ ውስጥ ከተለመደው ኦክስጅን የከበደ፣ ኦክስጅን-18 የሚባል አለ። ደመና ሲዘንብ ከባዱ ቀድሞ ስለሚወርድ፣ ገና ያልዘነበ ጉም ውኃው ብዙውን ጊዜ ከዝናብ ውኃ ይልቅ በከባዱ የበለጸገ ነው። ቶድ ዶውሰን የተባለ ተመራማሪ ይህንን ተጠቅሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ጥናት፣ በካሊፎርኒያ ጠረፍ ባለው የግዙፎቹ ሬድውድ ዛፎች ደን ውስጥ ከዓመቱ ውኃ በአማካይ 34 በመቶው ከዛፎቹ የሚንጠባጠብ የጉም ውኃ መሆኑን አሳየ። አዲስ አበባ ደግሞ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የዝናብ አይሶቶፕ ከሚከታተሉባቸው ጣቢያዎች አንዷ ናት። ይህን ያህል ረጅም መዝገብ ያላቸው የአፍሪካ ከተሞች ጥቂቶች ናቸው። ከመዝገቡ የወጣው ነገር ግን ሊቃውንቱን እስከ ዛሬ ያነጋግራል፤ የአዲስ አበባ ዝናብ ለከፍታዋ ከሚጠበቀው በላይ በከባዱ የበለጸገ ነው። ለእኛ ሥራ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ዝናቡ ራሱ በከባዱ የበለጸገ ከሆነ ከጉሙ ጋር ያለው ልዩነት ይጠባል፤ ስለዚህ ካሊፎርኒያ ላይ የሠራውን ስሌት እንዳለ አምጥቶ ወፍ ዋሻ በተባለው የሸዋ ገደል ደን ላይ መጠቀም ያሳስታል። የየቦታውን ዝናብና ጉም ለየብቻ በጠርሙስ ሰብስቦ መመርመር ያሻል።

ልኬት ሁሉ ጥቂት ቦታ ላይ ነው የሚደረገው፤ ደን ግን ሺህ ሄክታር ነው። ክፍተቱን የሚሞላው ሞዴል ነው። የዚህ ሥራ አባት ሊባል የሚገባው ጋሪ ላቬት እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ተራራ ላይ ላለ የጥድ መሰል ዛፎች ደን ያወጣው ሞዴል ነው። ደኑን ከላይ እስከ ታች በቀጫጭን ፎቆች ከፈለው። ለእያንዳንዱ ፎቅ ነፋሱ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቅጠልና ስንት ቅርንጫፍ እንዳለ፣ ጠብታው በመምታት ስንት በመስከን ስንት እንደሚያርፍ አሰላ። ነፋሱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ስለሚደክም አብዛኛው ውኃ የሚያርፈው በዛፎቹ ጫፍ ላይ መሆኑ ታየ። እሱና ባልደረቦቹ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው እዚያው ተራራ ላይ ከደመና በቀጥታ የሚያርፈው ውኃ ወደ ዓመታዊው ዝናብ ግማሽ እንደሚጠጋ ገምተው ነበር።

በዚህ መንገድ አንድ ሻካራ ግምት አብረን እንሥራ። የጉም ውኃ ወደ ደን የሚያርፍበትን ፍጥነት በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር፣ በአየር ውስጥ ያለውን ውኃ 0.2 ግራም እናድርግ። በሰዓት 0.072 ሚሊ ሜትር ይወጣል። በዓመት 1,000 ሰዓት ጉም ካለ 72 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም ለአንድ ሄክታር 720,000 ሊትር ነው። ቁጥሮቹን እኔ ነኝ የመረጥኳቸው፤ ወፍ ዋሻ ላይ አልተለኩም። የሞዴል ጥቅሙ ግን የትኛው ቁጥር ወሳኝ እንደሆነ ማሳየቱ ነው። ነፋሱን በእጥፍ ብታደርጉት ውጤቱ ከእጥፍም ሊበልጥ ይችላል። የደኑ ጠርዝ ከውስጡ በብዙ ይበልጣል፤ ጉሙን ፊት ለፊት የሚቀበለው እሱ ነውና። በዓለም ላይ የተራራ ደኖችን ውኃ ሲያጠና የኖረው የኔዘርላንዱ ሳምፑርኖ ብሩይንዘይል ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ የጉሙ ድርሻ በአብዛኛው ከዝናቡ ከ5 እስከ 20 በመቶ ሆኖ አገኘው፤ ለነፋስ በተጋለጡ ሸንተረሮች ላይ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል።

5 በመቶ ምን ያደርጋል የሚል ካለ ወደ ወፍ ዋሻ ልውሰደው። በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል በገደሉ ላይ የተንጠለጠለ ጥንታዊ ደን ነው። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ከላይ ኮሶና አስታ አለው። በአጼ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ የመናገሻ ሱባ ደን የጥድ ዘር ከዚህ ደን እንደመጣ ይነገራል። እዚህ አገር የጉሙ ዋጋ በዓመቱ ድምር አይገመትም፤ የሚመጣበት ወቅት ነው ዋጋ የሚሰጠው። ክረምት ላይ ሁሉም ነገር ረጥቧል፤ ጉም ቢጨምርም ባይጨምርም ለዛፉ ለውጥ የለውም። በበጋ ግን ሰማዩ ለወራት ሲነጥፍ ከአፋር በኩል የሚወጣው አየር ገደሉ ላይ ጉም ያለብሳል። ያኔ የሚያርፈው ጥቂት ውኃ ችግኝን ከሞት ያተርፋል። ዛፉ ውኃውን ከመቀበሉም በላይ የራሱን ይቆጥባል፤ ቅጠሉ ረጥቦ ፀሐይ ተሸፍና ሳለች ትንፋሹ ይቀንሳል። አንዳንድ ዛፎች ደግሞ በቅጠላቸው በኩል በቀጥታ ይጠጣሉ። በትግራይና በአፋር ወሰን ገደል ላይ ያለው የደስአ የጥድና የወይራ ደንም ዝናቡ ለጥድ ከሚያስፈልገው ያነሰ ሆኖ ሳለ መኖሩ በዚህ ዓይን መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

አሁን ሊያስጨንቀን የሚገባውን ልናገር። ዝናብ ደን ቢኖርም ባይኖርም መሬት ይደርሳል። የጉም ውኃ ግን የሚደርሰው የሚይዘው ካለ ብቻ ነው። የገደሉን ጫፍ ጥድ ስንቆርጥ፣ አስታውን ለግጦሽ ወይም ለከሰል ስናቃጥል፣ ጉሙ እንደ ትናንቱ ይመጣል፤ ዓይናችንም እንደ ትናንቱ ያየዋል፤ የዝናብ መለኪያችንም አንድም ነገር አያሳይም፤ ውኃው ግን ሳይወርድ ያልፋል። ምንጭ ሲደርቅ «ዝናቡ ቀነሰ» እንላለን፤ መዝገቡን ስናይ ዝናቡ አልቀነሰም። በኮስታ ሪካ ሞንቴቬርዴ ከተራራው ሥር ያለው ቆላ ደኑ ሲመነጠር መሬቱ ይበልጥ እየሞቀ የደመናው ግርጌ ከፍ ወደ ማለት እንደሚያዘነብል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አሳይተዋል። ስለዚህ ደኑ ተራራው ላይ ሳይነካ ቢቆይ እንኳ ደመናው ከራሱ በላይ ሊያልፍበት ይችላል። የወፍ ዋሻ ውኃ ምሥራቁ ወደ አዋሽ ነው የሚወርደው። የእኛም አቃቂ በአባ ሳሙኤል በኩል አዋሽ ይገባል። የአንድ ወንዝ ሰዎች ነን፤ ጉዳዩን የመንዝና የይፋት ሰው ብቻ አድርገን አንተወው።

የእኛ ሰፈር በስም የምትጋራት ሌላ ቱሉ ዲምቱ ባሌ ውስጥ አለች፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ያላት፣ የባሌ ተራሮች ከፍተኛ ጫፍ። ከእሷ በስተ ደቡብ ሳነቴ አምባ ሲያልቅ መሬቱ በድንገት ወደ ሐረና ደን ይወርዳል፤ ከላይ ዛፍ ያከለ አስታ ሽበት ለብሶ በጉም ውስጥ ቆሟል፤ ከታች የጫካ ቡና አለ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዚያ የሚነሱ ወንዞች ከድንበር ማዶ ሶማሊያ ድረስ ያጠጣሉ። ያንን ሁሉ ውኃ ስናሰላ ጉሙን ዜሮ ብለን መጻፋችን ያሳዝነኛል።

ጉምን በሰው ሠራሽ መያዣ ሰብስቦ መጠጣትም ተሞክሯል። ጋሞ ደጋ ላይ፣ ዶርዜ፣ ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ቪቶሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ዋርካ ብሎ የሰየመውን የቀርከሃ ማማ አቁሟል፤ ከጉም፣ ከጤዛና ከዝናብ በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ለመሰብሰብ ያለመ ነው። ከዚያ በፊት በቺሊ ቹንጉንጎ የምትባል የአሣ አጥማጆች መንደር ከተራራዋ ላይ በተዘረጉ መረቦች በአማካይ በቀን 15,000 ሊትር ታገኝ ነበር። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ግን ጥገናው ተዘነጋ፤ ነዋሪው የቧንቧ ውኃ መረጠ፤ ሥርዓቱ ቆመ። መረብ ጥሩ ነገር ነው፤ የሚጠግነው ሰው ይፈልጋል። ጥድ ግን ራሱን ይጠግናል። ለዚህ ነው ልቤ ከመረቡ ይልቅ ወደ ደኑ የሚያደላው።

ችግኝ በሚሊዮን በምንተክልበት በዚህ ዘመን የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። የት? ደመና ፊት ለፊት የሚገጥመው ሸንተረር ላይ የምትተከል ጥድ ከዝናቡ በላይ ታመጣለች። ከነፋስ በተከለለ ሜዳ ላይ የምትተከለው ግን ከአፈሩ ያለውን ትጠጣለች። ባሕር ዛፍም ጉም ሲመታው ያንጠባጥባል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የሚያመጣውና የሚጠጣው አብረው ካልተለኩ ማንም ስለ እሱ በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ከመትከል በፊት መለካት ይቅደም እላለሁ፤ ለመለካቱም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።

እዚሁ ቅርባችን የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። አዳራሹ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንና ተማሪዎች ተቀምጠዋል። የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ሦስት ቦታ፣ በየቦታው ሁለት መለኪያ እናቁም፤ አንዱ ተራ የዝናብ መለኪያ፣ ሌላው የአንድ ካሬ ሜትር መረብ። አንዱ ጥንድ እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዱ ከምሥራቃችን የሚታየው የረር ተራራ ላይ፣ ሦስተኛው ጣርማ በር ላይ። ከእነሱ ጎን የነፋስ መለኪያ ይቁም፤ ነፋሱ ካልታወቀ የመረቡ ውኃ ከጉም ይሁን ካጋደለ ካፊያ ማወቅ አይቻልም። ንባቡ በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት ላይ ይሁን፤ ክረምቱንም በጋውንም፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ሳይቋረጥ።

የምጠብቀውን ከአሁኑ ልናገር፤ ተጽፎ ይቀመጥልኝ። በበጋ ዝናብ በሌለባቸው ቀናት የቱሉ ዲምቱ መረብ የሚሰጠው ባዶ የሚባል ይሆናል። የየረር እንደ ነፋሱ አንዳንድ ቀን ይሰጣል፣ አንዳንድ ቀን ይነሣል። የጣርማ በር ግን የዝናብ መለኪያው ደርቆ ሳለ በሊትር የሚቆጠር ይሰጣል። የእኛው መረብ ከጣርማ በሩ ጋር ከተካከለ፣ ስለ ነፋስና ስለ ጠብታ ዛሬ ያስረዳሁት ስሌት አንድ ቦታ ላይ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ጀሪካኑንና መዝገቡን ይዛችሁ ጥሩኝ፣ ስህተቱን አብረን እንፈልገዋለን። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ መረቡን የሚያቆመው ቡድን ውስጥ መግባት የሚፈልግም ስሙን ለመምህራኑ ያስመዝግብ።